ስልክ ሲጠራ ኢንተርኔቱ ድርግም ይላል፤ ስናወራ ግን ደህና ነው

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ግራ የገባኝ ነገር አለ። የቤት ኢንተርኔቴ በመደበኛው የስልክ መስመር የሚመጣ ኤዲኤስኤል ነው። ፍጥነቱ አይከፋም፤ ችግሩ መቆራረጡ ነው። መቆራረጡ ደግሞ ዝም ብሎ አይደለም፣ ጠባይ አለው። ስልኩ ሲጠራ ኢንተርኔቱ ድርግም ይላል። አንስተን ስናወራ ይመለሳል፤ እንዲያውም ከወትሮው ይሻላል። ዘግተን ጥቂት ሰዓት ሲቆይ እንደገና መንገዳገድ ይጀምራል። ሌሊቱን ማንም ሳይደውል ካደረ፣ ማለዳው የከፋ ነው።

ቴክኒሻን መጥቶ ነበር። ስልኩን አነሳ፣ ቶን አለ። የሆነ ቦታ ደወለ፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው አለ። ኢንተርኔቱንም ሞከረው፣ ሠራ። መስመሩ ንጹህ ነው ብሎ ሄደ። በማግስቱ ማለዳ ያው ሆነ። ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ ድምፅ ላይ የማይሰማ ብልሽት ኢንተርኔትን ብቻ ሊመታ ይችላል? ከቻለስ እንዴት ይያዛል?

ማሻሻያ፦ ክሩ (የዚህ ጥያቄ ውይይት) ካሰብኩት በላይ ረዘመ፤ ጭቅጭቁም በዛ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ከማንበብ ይገላገል ብዬ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች ጽፌያቸዋለሁ። አንዳንዱን በአንድ አረፍተ ነገር አልፌዋለሁ፤ ስለሚገባው ነው።

መልስ 1 ጨዋ ነበር። ሰላምታ አስቀድሞ፣ ማንም ግምት ከመወርወሩ በፊት የሞደሙን ቁጥሮች ለጥፍ አለኝ። የፈለገው ሦስት ነገር ነው፦ የኖይዝ ማርጂን (ሲግናሉ ከሚረብሸው ኖይዝ በላይ ያለው ትርፍ፤ ሲበዛ ይሻላል)፣ የሲግናሉ መዳከም እና የስህተት ቆጣሪዎቹ። ለጠፍኩ። የዳውንሎዱ ማርጂን ስልክ አውርተን እንደጨረስን 9 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ ማለዳ 2 ይደርሳል። የአፕሎዱ ደግሞ ከዚያም ብሶ ይዋዥቃል። ይህ የአፕሎድ ነገር በኋላ ትልቅ ፍንጭ ሆነ፤ ያኔ ግን ልብ ያለው አልነበረም።

መልስ 2 ሞደም ቀይር አለ። በቃ ይኸው ነው። በየትኛውም ክር ውስጥ የማይጠፋ መልስ ነው። በሌላ ሞደም ሞክሬ ለውጥ እንደሌለው ስጽፍለት፣ እሱም ርካሽ ቢሆን ነው አለ። ይህን ሰው አትርሱት፤ ይመለሳል።

መልስ 3 ከቤት ውስጥ ጀምር ባይ ናት። ወደየክፍሉ የተቀጠሉትን ሽቦዎች ሁሉ ንቀል፣ ሞደሙን መስመሩ ቤት በሚገባበት የመጀመሪያው ሶኬት ላይ ለብቻው ሰካው፣ ፊልተሩን (የስልኩን ድምፅ ከኢንተርኔቱ ሲግናል የሚለየውን ትንሽ ዕቃ) በሌላ ለውጥ አለችኝ። ምክንያቷም ጥሩ ነው። ፊልተሩ ከተበላሸ ስልኩ ሲጠራ ወይም ሲነሳ የሚፈጠረው ንውጥውጥ ቀጥታ ሞደሙ ላይ ያርፋል። ምልክቱ ከመስመር ብልሽት ጋር አንድ ዓይነት ስለሚመስል፣ ፊልተሩን ሳያጣሩ ውጭ ያለውን መስመር መወንጀል ተገቢ አይደለም። ያለችውን ሁሉ አደረግኩ። ለውጥ የለም። እንግዲህ ጉዳዩ ከቤት ወጣ ማለት ነው።

ከዚያ መልስ 4 መጣ። የጻፉት ሰው ዕድሜያቸውን መስመር ሲዘረጉና ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ከክሩ አጋማሽ ጀምሮ ሁሉም ጋሼ ይላቸው ስለጀመረ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። ጋሼ አልተጠራጠሩም፤ የመገጣጠሚያ፣ ቴክኒሻኖቹ ጆይንት የሚሉት ነገር፣ ብልሽት ነው አሉ። ነገሩን ከሥሩ አስረዱ።

መስመሩ ከስልክ ማዕከሉ እስከ ቤት አንድ ወጥ ሽቦ አይደለም። በየሳጥኑ፣ በየጉድጓዱ፣ በየምሰሶው እየተቆረጠ ይቀጠላል። በእያንዳንዱ ቅጥል ላይ ሁለት የመዳብ ጫፎች በአንዲት ትንሽ ማገናኛ ተይዘዋል። ማገናኛዋ በደንብ ካልተጨመቀች፣ ወይም እርጥበት የሚከለክለው ቅባት ከሌላት፣ አየርና ውሃ ሾልኮ ይገባል። የመዳቡም ፊት ኦክሳይድ ያበጃል። ኦክሳይዱ ስስ ሽፋን ነው፤ ሆኖም እንደ መዳብ አያስተላልፍም። አንዳንዴም እንደ ዳዮድ ወደ አንድ ወገን አሳልፎ ወደ ሌላው ይከለክላል።

አሁን ዋናው ነገር። ስልኩ ተዘግቶ ሲቀመጥ መስመሩ ላይ 48 ቮልት ገደማ አለ፤ ከረንት ግን የለም ማለት ይቻላል። የኤዲኤስኤሉ ሲግናል ደግሞ ኦክሳይድ የመብሳት ጉልበት የለውም። ስለዚህ ሽፋኑ ማንም ሳይነካው ይወፍራል። ስልኩ ሲነሳ ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 ሚሊ አምፔር በላይ ይፈስሳል። ያ ከረንት ሽፋኑን ይበሳዋል፤ መዳብና መዳብ ይገናኛሉ፤ መስመሩ ይድናል። ለጊዜው። ሲጠራ ግን ሌላ ነው። የጥሪው ቮልቴጅ ከ75 እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ስለሆነ መገጣጠሚያውን በድንገት ይንጠዋል። ሞደሙ ሌላ መስመር ላይ የተሰካ ያህል ይደናገርና ይወድቃል።

እንግዲህ የኔ ቴክኒሻን ስልኩን ያነሳ ጊዜ ብልሽቱን በገዛ እጁ አክሞታል። ከዚያ በኋላ የሞከረው የዳነውን መስመር ነው። ጋሼ ይህን ሲጽፉ ጎበዙን አልወቀሱትም፤ ያስተማረው ቢጠፋ ነው አሉ። በእኔ በኩል ከክሩ ሁሉ ይህን አንድ ነገር ብቻ የያዘ ሰው አልከሰረም እላለሁ።

መልስ 5 ኤሌክትሮኒክስ የሚማር ወጣት ይመስላል። በትህትና ጀመረ፤ ግን አልተዋጠለትም። 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥንድ የመዳብ ሽቦ ደርሶ መልስ በኪሎ ሜትር 280 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ (ለከረንት ያለው እንቅፋት) እንዳለው አሰላ። 3 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከ800 ኦም ያልፋል። ይህን ሁሉ የሚችል መስመር አንድ መገጣጠሚያ 200 ኦም ስለጨመረበት ለምን ይሞታል የሚል ጥያቄ ነው ያነሳው። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንዳንዶች ጋሼን ተዳፈረ ብለው ተቆጡ፤ ጋሼ ራሳቸው ግን ተዉት፣ ደግ ጠየቀ አሉ።

መልሱ በመልስ 6 መጣ። የጻፈችው ሬዲዮ ላይ የሠራች ሰው ናት። የሽቦው ሬዚስታንስ በመስመሩ ሁሉ ተዘርግቶ፣ በሁለቱም ሽቦ ላይ እኩል የተቀመጠ ነው። የመገጣጠሚያው ግን አንድ ቦታ ላይ፣ ብዙውን ጊዜም በአንዱ ሽቦ ላይ ብቻ ይከመራል። የድምፅ ስልክ ከ1000 ኦም በላይ ባለው መስመር ላይም ይሠራል፤ ለ200 ኦም ደንታ የለውም። ሞደሙ ግን የተሠራው እሱ በሚሠራበት ከፍተኛ ድግግሞሽ 100 ኦም ገደማ ለሚያሳይ መስመር ነው። ለእሱ 200 ኦም ትልቅ ግድግዳ ነው።

ሁለተኛው ነጥቧ ከመጀመሪያውም ይበልጣል። ጥንዱ ሽቦ የሚጠመዘዘው ከውጭ የሚመጣው ኖይዝ ሁለቱንም እኩል እንዲነካ ነው። ሞደሙ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሆነ፣ እኩል የመጣው ይሰረዛል። አንዱ ሽቦ ላይ ሬዚስታንስ ከተጨመረ ግን እኩልነቱ ይፈርሳል። የራዲዮ ጣቢያው፣ የመብራት ኃይሉ፣ የጎረቤቱ መስመር ሁሉ ሰተት ብሎ ይገባል። ስለዚህ መገጣጠሚያው ሲግናሉን ከመቀነሱም ሌላ ለኖይዝ በር ይከፍታል።

መልስ 7 አጭር ማሟያ ነው። ገዳዩ የሬዚስታንሱ መብዛት ሳይሆን መለዋወጡ ነው አለ። ሞደሙ ሲነሳ መስመሩን ይለካና በየድግግሞሹ (ፍሪኩዌንሲው) ስንት ቢት እንደሚጭን ይወስናል። ቀስ ያለ ለውጥ ቢመጣ ቢቶቹን ከቦታ ቦታ እያዛወረ ይከተለዋል። ድንገተኛ ለውጥ ሲመጣ ግን መከተል ያቅተውና ግንኙነቱን ከሥር ይጀምራል። በቋሚነት 200 ኦም ያለበት መስመር ቀርፋፋ ይሆናል እንጂ እንዲህ አይወድቅም።

መልስ 8 የቢሮ ወግ አመጣ። ይሠራበት የነበረ ቢሮ ውስጥ ኢንተርኔት ሲጠፋ ሁሉም ወደ ስልኩ ይሮጥ ነበር አለ። አንስቶ ትንሽ ይዞ መዝጋት ብቻ፣ ኢንተርኔቱ ይመለሳል። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ይህን እንደ ሥራ መመሪያ ያስተምሩት ነበር። ለምን እንደሚሠራ ግን ማንም አያውቅም፤ ጋሼ እስኪጽፉ ድረስ እሱም አያውቅም ነበር። ታዲያ ስልኩን አንስቶ መተው መፍትሔ አይሆንም ወይ ብሎ ጠየቀ።

መልስ 9 ተቆጣ። ይህን መፍትሔ የሚል ሰው ጥርሱን በሚጥሚጣ የሚያክም ነው ብሎ ጀመረ። ንዴቱን ትተን ቁም ነገሩን ስንይዘው፦ ስልክ ተነስቶ ከቆየ ማዕከሉ መስመሩን ስለሚዘጋው የታሰበው ከረንት አይቀጥልም፤ ሰውም መደወል አይችልም። ደግሞም ኦክሳይዱ በተበሳ ቁጥር ተመልሶ ይፈጠራል። ዕረፍቱ በየጊዜው እያጠረ ይሄዳል። የኔም መስመር እንዲሁ አድርጓል።

በመልስ 10 ወሬው ወደ ዝናብ ዞረ። አንዲት እህት ኢንተርኔቷ ዝናብ በጣለ ቁጥር እንደሚጠፋና ስልኩም እንደሚንኮሻኮሽ ጽፋ፣ የእኔም ይኸው ነው ወይ አለች። መልስ 11 ጋሼ ናቸው፦ አይደለም፣ ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ውሃ ኬብል ውስጥ ሲገባ ሽቦው ወደ መሬት ወይም ወደ ጎረቤት ሽቦ ያፈሳል። እምምም የሚል ድምፅ ይመጣል፤ አንዳንዴ የሌላ ሰው ንግግር ይሰማል። ይህ የሚያዘው በኢንሱሌሽን ምርመራ፣ ማለትም ሽቦው ወደ ውጭ ማፍሰሱን በሚለካ ምርመራ ነው። ተራው ቴስተር በውስጡ ባለው ትንሽ ባትሪ ስለሚለካ ብዙ ጊዜ አያየውም፤ ከ100 ቮልት በላይ የሚሰጠው መሣሪያ ያስፈልጋል። ያን መሣሪያ ደግሞ ሞደምና ስልክ ሳይነቀሉ የሚያገናኝ ሰው ዕቃ ያቃጥላል። የኔው ዓይነት ብልሽት በኢንሱሌሽን ምርመራ ላይ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ያልፋል፤ ምክንያቱም ወደ ውጭ የሚፈስ ነገር የለም። ቴክኒሻን አንዱን ለክቶ መስመሩ ደህና ነው ሲል ግማሹን ነው የመረመረው።

መልስ 12 ላይ ብዙ ሰው ሳቀ። ጸሐፊው ስልኩ ጭራሽ ቶን እንደሌለውና ኢንተርኔቱ ግን እየተንፏቀቀ እንደሚሠራ ጻፈ። መልስ 13 ውሸት ነው ብሎ ደመደመ፤ የተቆረጠ ሽቦ ኢንተርኔት አያመጣም አለ። ሳቁ ወደ እሱ ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ ቢበጠስ ቶን አይኖርም፤ ቶን ሙሉ ዙር ይፈልጋል። ከፍ ያለ ድግግሞሽ ግን በሽቦዎቹ መካከል ባለው ካፓሲታንስ (ሳይነካኩ ሲግናል የማሳለፍ ጠባይ) በኩል ተንጠላጥሎ ማለፍ ይችላል። ስለዚህ ሞደሙ በአንድ ሽቦ ብቻ ሲንክ ሊያደርግ፣ ማለትም ከማዕከሉ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ፍጥነቱ ያሳዝናል፤ ግን ይሠራል።

የአፕሎዱን ፍንጭ ያነሳው መልስ 14 ነው፤ መልስ 1 ላይ የለጠፍኩትን ቁጥር ወደኋላ ሄዶ አየና። በተለመደው ኤዲኤስኤል አፕሎድ የሚሄደው ከታች፣ ከ26 እስከ 138 ኪሎ ኸርዝ ባለው ክልል ነው። ዳውንሎዱ ከዚያ በላይ እስከ 1.1 ሜጋ ኸርዝ፣ በኤዲኤስኤል 2 ፕላስ እስከ 2.2 ሜጋ ኸርዝ ይወጣል። የተበላሸ መገጣጠሚያ እንደ ትንሽ ካፓሲተር ስለሚሆን፣ ከፍ ያለውን ያሳልፋል፣ ዝቅ ያለውን ይይዛል። መስመሩ ረዥም በመሆኑ ብቻ የተዳከመ ሲግናል ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ የሚሞተው ላይኛው ነው። አፕሎድ ከዳውንሎድ ቀድሞ ከተጎዳ መገጣጠሚያ ጠርጥር አለ። ይህችን ነጥብ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኳት።

ሞደማችሁ በየድግግሞሹ ስንት ቢት እንደተጫነ የሚያሳይ ግራፍ ካለው ተመልከቱ አለ በዚያው። ድግግሞሹ የተከፈለባቸው ክፍሎች እያንዳንዳቸው 4.3125 ኪሎ ኸርዝ ስፋት አላቸው። 200ኛው ክፍል 862.5 ኪሎ ኸርዝ ላይ ነው ማለት ነው። በዚያ አካባቢ ጠባብ ጉድጓድ ብቻውን ከታየ፣ የመካከለኛ ሞገድ ራዲዮ ጣቢያ ሊሆን ይችላል፤ እነሱ ከ530 እስከ 1600 ኪሎ ኸርዝ ባለው ውስጥ ናቸውና። ግራፉ በዝቅተኛው ድግግሞሽ በኩል ተጎምዶ ከጀመረ መገጣጠሚያ ነው። በእኩል ርቀት የሚደጋገሙ ሰፋፊ ሸለቆዎች ካሉ ደግሞ የተንጠለጠለ ሽቦ አለ፤ ማለትም ከመስመሩ ላይ ተቀጥሎ መጨረሻው ባዶ የቀረ።

መልስ 15 ወዲያው የራሱን ግራፍ ለጠፈ። 2 ሜጋ ኸርዝ ላይ ሸለቆ አለው። መልስ 16 አሰላለት፦ ሲግናል በኬብል ውስጥ በማይክሮ ሰከንድ 200 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ሸለቆ የሚወድቀው የተንጠለጠለው ሽቦ የሞገዱ ሩብ በሚሆንበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ሽቦው 25 ሜትር ገደማ ነው። ሰውዬው ቤቱን ሲፈትሽ ድሮ ወደ ሌላ ክፍል የተዘረጋ፣ ጫፉ ከቁም ሳጥን ጀርባ የቀረ ሽቦ አገኘ። ቆረጠው፣ ሸለቆው ጠፋ። ከኔ ጉዳይ ጋር አይገናኝም፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲሳካ ደስ ይላል።

ከመልስ 17 እስከ 20 ያለው ጭቅጭቅ ነው። አንዱ የመዳብ ዘመን አልፏል፣ ፋይበር አስገባና ተገላገል አለ። ሌላው ፋይበር ያልደረሰበት ሰው ምን ያድርግ ብሎ መለሰ። ከዚያ ስድብ ገባ። ዘልዬዋለሁ።

መልስ 21 ከጭቅጭቁ መሐል ቁም ነገር ይዞ ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መዳብ ሲወደድ በአንዳንድ አገሮች አልሙኒየም የስልክ ኬብል እንደተዘረጋ አስታወሰ። የአልሙኒየም ሬዚስታንስ ከመዳብ 1.6 እጥፍ ገደማ ነው። ግን ያ አይደለም መከራው። ኦክሳይዱ በቅጽበት ይፈጠራል፣ ጠንካራ ነው፣ ሽቦውም ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል። ከመዳብ ጋር እርጥበት ባለበት ከተገጣጠመ ደግሞ እየተበላ ያልቃል። እንዲህ ያለ ኬብል ላይ የሚሠራ ሰው አንዱን መገጣጠሚያ ሲያድን ሁለተኛውን ይሰብራል አለ።

መልስ 22 መሣሪያ ያለው ሰው ነው፤ መሣሪያውንም ይወደዋል። ቲዲአር ግዙ አለ። በሽቦው ላይ ፐልስ ይልካል፣ ብልሽቱ ጋ ደርሶ የሚመለሰውን ጊዜ ይለካል። ደርሶ መልሱ 10 ማይክሮ ሰከንድ ከፈጀ ብልሽቱ 1 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። የተቆረጠ ሽቦ ወደ ላይ ይነሳል፣ የተነካካ ወደ ታች ይወርዳል፣ የተቀረው ሁሉ ወሬ ነው አለ።

ጋሼ መልስ 23 ላይ የመጀመሪያውን ቁጣቸውን አሳዩ። ቲዲአር ለተቆረጠና ለተነካካ ሽቦ ግሩም ነው፤ ለስስ ኦክሳይድ ግን ዓይነ ስውር ሊሆን ይችላል። ፐልሱ ፈጣን ስለሆነ ያንን ስስ ክፍተት እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈዋል። ሬዚስታንሱ ከፍ ብሎ በቋሚነት ከተቀመጠ ትንሽ እብጠት ታያለህ፤ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ግን ባየህበት ሰዓት ላይኖር ይችላል። ስክሪን ያለው መሣሪያ የያዘ ሁሉ አዋቂ መሰለው ብለው ጨረሱ። ባለ ቲዲአሩም ዝም አላለም፤ የጋሼ ዘመን ሰዎች በጆሮ እየሰሙ ስንት ቦታ ሳያስፈልግ እንዳስቆፈሩ ጠየቀ። ሁለቱም እውነት አላቸው መሰለኝ። ለቦታ ቲዲአር፣ ለምርመራው ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ያ ሌላ ነገር መልስ 24 ላይ አለ፤ ጋሼ ቁጣቸው በርዶ ጻፉት። መስመሩ ከማዕከሉ ይነቀላል። በቤት በኩል ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተው ከመሬት ጋር ይታሰራሉ። ከዚያ በማዕከሉ በኩል እያንዳንዱ ሽቦ ከመሬት ጋር ለብቻው ይለካል። ጤነኛ ጥንድ ከሆነ የሁለቱ ልዩነት ጥቂት ኦም ነው። አንዱ በአሥሮች ወይም በመቶዎች ከበለጠ፣ ብልሽቱ ያለው እዚያ ሽቦ ላይ ነው። ቀጥሎ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አቀያይሮ መለካት ነው። ከውጭ የሚገባ ቮልቴጅ እንደሌለ ከተረጋገጠ በኋላ ሁለቱ ንባቦች ከተለያዩ፣ መገጣጠሚያው እንደ ዳዮድ ሆኗል። መርፌ ባለው አሮጌ ቴስተር ይህን ማየት እንዴት ደስ እንደሚል ጋሼ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጻፉ፤ መርፌው እየተንቀጠቀጠ ወደ ላይ ይሄድና፣ ጫፉ ሲቀያየር ከግማሽ መንገድ ይቀራል አሉ። ከሁሉም በላይ ግን ከልኬቱ በፊት ለረጅም ሰዓት ማንም በመስመሩ እንዳይደውል። ይህን ሁለት ጊዜ ደገሙት።

መልስ 25 ከርዕሱ ወጣ፤ ግን አልጠላሁትም። እንዲህ ያለ ልዩነት በትክክል የሚለካው የዊትስቶን ድልድይ ፈጠራው የዊትስቶን እንዳልሆነ ተረከ። እ.ኤ.አ. በ1833 ያቀረበው ሳሙኤል ሃንተር ክሪስቲ ነው፤ ቻርልስ ዊትስቶን በ1843 አስተዋወቀውና ስሙ እሱ ላይ ቀረ። ክሪስቲን ማን ያስታውሰዋል ብሎ አዘነለት።

መልስ 26 ምሰሶው ላይ ያለውን ሳጥን ራስህ ውጣና ክፈተው፣ በፕላየር ጨመቅ ጨመቅ አድርገው አለኝ። መልስ 27 እና 28 ወረዱበት። አንደኛ፣ ሳጥኑ ያንተ አይደለም። ሁለተኛ፣ አንተ እጅህን ስትሰድ ሰው ቢደውል የጥሪው ቮልቴጅ ያንገጫግጭሃል፤ ከመሰላል ላይ መንገጭገጭ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ሦስተኛ፣ በዚያ ሳጥን ውስጥ የጎረቤቶችህ ሽቦዎችም አሉ። የነካካኸው ሁሉ ነገ የሌላ ሰው ብልሽት ይሆናል። በፕላየር የተጨመቀ ማገናኛ ለአሁን ይይዛል፤ ጥርሶቹ ግን እኩል ስለማይነክሱ ተመልሶ ይላላል።

ታዲያ ባለቤቱ ከቤቱ ሳይወጣ ምን ማድረግ ይችላል? ለዚህ መልስ 29 የክሩ ምርጥ ተግባራዊ መልስ ነው። ሌሊቱን ስልኩን አትንኩ። ማለዳ የሞደሙን ገጽ ከፍታችሁ ማርጂኑንና የስህተት ቆጣሪውን መዝግቡ። በሞባይል ወደ ቤት ስልኩ ደውሉ፤ አታንሱት፣ ይጥራ። ቆጣሪው ዘለለ ወይ? ሞደሙ ወደቀ ወይ? እንደገና ደውሉ፣ አሁን አንሱት፣ ጥቂት ደቂቃ ያዙት፣ ዝጉ። ማርጂኑ ከፍ አለ ወይ? ስንት ሰዓት ቆይቶ ይወርዳል? ፊልተሩን ቀይራችሁ በሌላ ቀን ድገሙት። ፊልተር ተቀይሮም ያው ጠባይ ከታየ፣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከቤት ውስጥ አይገኝም።

አደረግኩት። ሲጠራ ቆጣሪው ተወነጨፈ፣ ከዚያም ሞደሙ ወደቀ። አንስቼ ከዘጋሁ በኋላ ማርጂኑ ከ2 ወደ 9 ወጣ። ሠንጠረዡን ለጠፍኩት።

መልስ 30 አቤቱታ አጻጻፍ አስተማረ። ኢንተርኔቴ ቀርፋፋ ነው ብለህ አታመልክት፤ በርቀት ፍጥነት ለክተው ደህና ነው ይሉሃል። የድምፅ መስመሬ ሲጠራ ይቋረጣል፣ ሲነሳ ይስተካከላል፣ የአንዱ ሽቦ ሬዚስታንስ ከሌላው ይበልጣል ብዬ እጠረጥራለሁ በል። ሠንጠረዡን አያይዝ። የሚመጣው ሰው ማለዳ ይምጣ፤ ሳይለካ ስልኩን እንዳያነሳ ንገረው።

መልስ 31 የኔው ነው። ሁለተኛው ቴክኒሻን ማለዳ መጣ። ስልኩን አታንሳ ስለው ፈገግ አለ፤ ገብቶታል። ሁለቱን ሽቦዎች ለካ፣ ልዩነታቸው ከ100 ኦም በላይ ነበር። ብልሽቱን ያገኘው ከምሰሶው ወደ ቤቴ የሚመጣው ሽቦ በሚቀጠልበት ሳጥን ውስጥ ነው። ማገናኛዋን አውርዶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ከሁለቱ ሽቦዎች አንደኛው እስከ መጨረሻው አልተገፋም፤ የብረቱ ጥርስ የያዘው ጫፉን ብቻ ነው። ውስጧ ቅባት የለም፣ ደረቅ ናት። የሽቦው ጫፍ ጠቁሯል፣ ዙሪያውን አረንጓዴ ዱቄት ይዟል። የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪወጣ ቆረጠው፣ ቅባት ያላትን አዲስ ማገናኛ አስገባ፣ በራሷ መጨመቂያ ጨመቃት። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ከ2 ኦም አይበልጥም። ማርጂኑ ሌሊቱን ሙሉ ሳይነቃነቅ አደረ፤ ስልኩም እየጠራ ኢንተርኔቱ አይሞትም።

መልስ 32፣ የሞደሙ ሰው ተመለሰ። ጥሩ ሞደም ቢኖርህ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር አለ። ጋሼ በአንድ መስመር መለሱለት፦ አንዳንድ ሞደም በዝቅተኛ ማርጂን ከሌላው ይልቅ ሙጭጭ ብሎ መያዙ እውነት ነው፣ ግን መገጣጠሚያ አይጠግንም። ሰውዬው ይህን እንደ ድል ቆጠረው።

መልስ 33 የቪዲኤስኤል (በስልክ መስመር የሚመጣ፣ ከኤዲኤስኤል የሚፈጥን ኢንተርኔት) ተጠቃሚ ናት። የኔን ሙከራ ስታደርግ የስህተት ቆጣሪዋ ዜሮ ሆኖ እንደሚቀርና ኢንተርኔቷ ግን እንደሚንተፋተፍ ጻፈች። መልስ 34 መለሰላት። በአዳዲሶቹ መስመሮች ላይ የተበላሸውን ዳታ እንደገና የሚልክ ሥርዓት ስላለ ስህተቱ ከዋናው ቆጣሪ ይሸሸጋል። መታየት ያለበት እንደገና የተላከውን የሚቆጥረው ቆጣሪ ነው። ስልኩ ሲጠራ እሱ ከዘለለ፣ ጉዳዩ ያው ነው። በ17 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ መስመር ከሆነ ደግሞ ፊልተሩን አስቀድማ ትቀይር፤ ለኤዲኤስኤል የተሠራው አሮጌ ፊልተር ለዚያ ድግግሞሽ አይበቃም። ነገ ማለዳ ሞክራ ትጽፍልናለች።